የአምስት ሕፃናት እንቅልፍና የጓሮዋ ክፍል

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ከሰው እኩል ቤት ገብቶ በሚውልበት የክረምት ወር፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሦስት ተከራዮች ነበሩ። ግድግዳ አንድ ቢያደርጋቸውም ልባቸው ከተለያየ ቆይቷል። ሦስቱም ዓይናቸውን የጣሉት ሰፊ፣ ደረቅና ጸጥ ባለችው ባዶ የጓሮ ክፍል ላይ ነው። የግቢው ባለቤት ሐጂ አረቡ ግን «ቆይ፣ ላስብበት» እያሉ ቁልፉን ከኪሳቸው አያወጡም።

አንደኛዋ ተከራይ አስካል ናት። እናቶቻቸው ሥራ የሚውሉ አምስት ሕፃናትን በአንዲት ጠባብ ክፍል ታውላለች። ማብላቱም ማጠቡም አይከብዳትም፤ የሚከብዳት ማስተኛቱ ነው። እሹሩሩ ብላ፣ ጀርባቸውን መታ መታ አድርጋ፣ አምስተኛው ዓይኑን ሲከድን የመጀመሪያው በመዶሻ ድምፅ ብንን ይላል። ቀን ያልተኛ ሕፃን ማታ እናቱን ሲያስለቅስ ያመሻል፤ እናቲቱም ጠዋት ፊቷን አጥቁራ ትመጣለች። «እንዲህ ከሆነ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን» ካሏት ሰንብተዋል። ልጆቹ ከሄዱ የአስካል እንጀራ አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ይመር ነው። ባልዲና ማንቆርቆሪያ ይሠራል። ቤቱ ስለሚያፈስ ቆርቆሮውን ዝገት እየበላበት ነው። ሦስተኛዋ ዘይነባ በርበሬ ወቅጣ ትሸጣለች፤ የእሷም በርበሬ በእርጥበቱ እየሻገተ ይደፋል። አንዱ በመዶሻ፣ አንዷ በዘነዘና ግቢውን ሲያናውጡት ይውላሉ። ሐጂ አረቡ ስሞታ ሲሰለቻቸው «ልጆቹ ሲተኙ መዶሻም ዘነዘናም ይተኛ» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲያ ነው ጥሉ የከፋው።

«ለሰው ልጅ እንቅልፍ ብለን ጦማችንን እንደር?» ትላለች ዘይነባ፣ አስካል በምትሰማበት ድምፅ። ይመር ደግሞ ትእዛዙን እየጣሰ ይቀጠቅጣል። አስካል ብትለምነው ዞር ብሎም አላያትም። አንድ ቀን ለምሳ ሲወጣ ጠብቃ መዶሻውን አነሳችና መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ለቀቀችው። ሲወድቅ ስትሰማ ደስ አላት፤ ይህንንም አልደበቀችም።

በማግስቱ ዝናቡ አላባራ አለ። ሌላ ጊዜ አስካል ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላ፣ ጭሱ ሲያልቅለት ነበር የምታስገባው። ያን ቀን ልጆቹን ብርድ እንዳይመታቸው ብላ በቅጡ ሳይቀጣጠል ከነምድጃው አስገባችው። ድምፅ በስንጥቅም እንደሚገባ ታውቃለችና የበሩን ሥር በቡትቶ ወተፈችው፤ መስኮቱንም በወፍራም ብርድ ልብስ ጋረደችው። «አሁን ከፈለገ ሰማዩ ይደርመስ» አለች በልቧ። አምስቱም ሳይነጫነጩ ተኙ። እንዲህ ያለ ቀን አይታ አታውቅም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስታያቸው እሷንም ራሷን ከበዳት፤ የድካም መሰላትና ዓይኗን ከደነች።

ይመር መዶሻው የት እንደገባ ከሰው የሰማው በዚህ መሃል ነው። «መዶሻዬን የበላች ልጆቹን በሰላም አታስተኛም» አለና ትልቅ ቆርቆሮ ከአስካል ግድግዳ ጋር አስደግፎ በመጥረቢያ ጀርባ ይደበድበው ጀመር። ሊያስቀይማት እንጂ ሌላ ምንም አላሰበም። ከአምስቱ አራቱ ንቅንቅ አላሉም። እንቅልፏ የወፍ የሆነው ሙና ብቻ ነቅታ አለቀሰች። ይመር ልቅሶዋን ሲሰማ አንጀቱ ራሰ፤ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

ዘይነባ ራስ ምታት ይዟት ተኝታ ነበር። ልቅሶው አላቆም ሲላት ነጠላዋን እየጎተተች መጣች። «አንቺ፣ ይቺን ልጅ ዝም ታሰኛለሽ ወይስ እኔ ልግባ?» መልስ የለም። በሩ አልገፋ ሲላት በእርግጫ አለችው። የከሰሉ ሽታ ፊቷን መታት። ቀይ ፍም የያዘውን ምድጃ በባዶ እጇ አንስታ ዝናብ ላይ ወረወረችው፤ መዳፏ ተላጠ። ከዚያ አንድ እርምጃ አልገባችም፤ ግቢው መሃል ቆማ ኡኡታዋን አቀለጠችው።

ቀዝቃዛው አየር አስካልን ቀሰቀሳት። እግሯ አልታዘዝ አላት። በጉልበቷ እየዳኸች፣ አንዱን በክንዷ፣ አንዱን በቀሚሱ እየጎተተች አወጣቻቸው። አምስተኛውን ደፍ ላይ እንዳደረሰች ጭቃው ላይ በግንባሯ ተደፋች። ሁሉም ጤና ጣቢያ ተወሰዱ፤ በአላህ ቸርነት አንድም ነፍስ አልጠፋም።

እናቶቹ እያለቀሱ ሐጂ አረቡ ደጅ ተሰበሰቡ። ሽማግሌው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። «የጓሮዋ ክፍል ልጆቹን ላተረፈ ትሁን» አሉ። ይህን ያሉት ጥሉን ለማብረድ ነበር።

«ያተረፍኳቸውማ እኔ ነኝ» አለች ዘይነባ፣ የተጠቀለለ እጇን ከፍ አድርጋ። «እሱ ሕፃን ሊያስለቅስ ቆርቆሮ መታ፣ እሷ በር ወትፋ አፈነቻቸው። ፍሙን ማን አነሳው?»

«እኔ ባልመታ ኖሮ ያ በር ሲከፈት ሬሳ ነበር የሚጠብቅሽ» አላት ይመር። «አንቺ ልትሳደቢ መጣሽ። ማንን ልታድኚ?»

«አንድ በአንድ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ» አለች አስካል።

«በር ዘግቶ ያፈናቸውስ ማነው?» አላት ይመር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉት ነገር በአስካል ደረሰባት። ክፍሏን ካጣች ልጆቹን ታጣለች፤ ካገኘችም በሩን በዘጋችበት እጇ ቁልፉን ልትቀበል ነው።

ከእናቶቹ መካከል የሙና እናት ብድግ አለች። ልጇን ደረቷ ላይ እንደለጠፈች ሦስቱንም በተራ አየቻቸው። «ሐጂ፣ ቁልፉን ለፈለጉት ይስጡት» አለች፤ «እኔ ግን ነገ ልጄን ለማን ሰጥቼ ሥራ እንደምሄድ ይንገሩኝ።» ሐጂ አረቡ ቁልፉ እጃቸው ላይ እንዳለ አጎንብሰው ቀሩ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ጠልቶ ሙናን ለቀሰቀሰው፣ ልትሳደብ መጥታ እጇን ላቃጠለችው ወይስ ወዳቸው ልትገድላቸው ደርሳ ለጎተተቻቸው፦ ቁልፉ ለማን ይገባል?