ሠላሳ አንደኛው ስምና የጭቃዋ አህያ

ይህን የእመቤታችንን ተአምር የነገረችኝ ውብነሽ ናት፤ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘን ስንዴዋ እስኪፈጭ ድረስ ነገረችኝ፤ የነገረችኝም በዓይኗ ያየችውንና ከባለታሪኳ አፍ የሰማችውን ነው፤ ልጇ ትርሲትም አጠገባችን ቆማ "እማ፣ እሱን ዘለልሽው" እያለች ታርማት ነበር። የከተማዋን ስም ልተወው፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉና። እናንት ምእመናን፣ ጆሯችሁን ብቻ ሳይሆን ልባችሁንም ሰጥታችሁ ስሙ።

በዚያች ብርዳም የደጋ ከተማ፣ በእመቤታችን ደብር ሥር ባለው የሕፃናት ትምህርት ቤት የምታስተምር መንበረ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ አገሯ ሩቅ፣ ዘመዶቿም ያለቁ ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻዋን ኖረች። እመቤታችንንም እጅግ ትወድ ነበርና በየማለዳው ሕፃናቱ ሳይገቡ ከክፍሉ ግድግዳ ባለው ሥዕለ አድኅኖ ፊት ጧፍ አብርታ "ሰላም ለኪ" ትላለች፤ ከዚያም የሠላሳ አንዱን ሕፃናት የክርስትና ስም አንድ በአንድ እየጠራች "አደራሽን" ትላለች። በዕረፍት ቀን እንኳ ቤቷ ሆና ትጠራቸው ነበርና ይህን ስእለቷን አስታጉላ አታውቅም። የራሷን ስም ግን አንድም ቀን ጨምራ አታውቅም።

የገናም ጾም ሊያልቅ ሲል ሕፃናቱን በዓሉን ታስተምራቸው ጀመር፤ ከካርቶን የሰብአ ሰገልን ዘውድ ቆረጡ፣ የበቆሎ ፍሬ በወረቀት ላይ እየለጠፉ "ገና" ብለው ጻፉ፣ የእረኞቹን በጎች እየቆጠሩ እስከ ሃያ መቁጠር ለመዱ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ከየደጁ ጭቃ በጣሳ አምጥቶ የበረቱን እንስሳት ሠራ። መንበረም ጌታ በበረት በተወለደ ጊዜ ብርድ እንደነበረ፣ ላምና አህያም በእስትንፋሳቸው እንዳሞቁት ነገረቻቸውና "እስቲ እናንተም አሙቁት" ስትላቸው ሠላሳ አንዱም በመዳፋቸው ላይ "ሃ፣ ሃ" እያሉ ተነፈሱ።

ትርሲት ያን ጊዜ ገና አራት ዓመቷ ነበር፤ በመዝገቡም የመጨረሻዋ እሷ ናት። አህያ ሠራችና አፍንጫዋን በሁለት አውራ ጣቷ በሳችው፤ ቀዳዳውም ከጆሮዋ በለጠ። ሕፃናቱ "የትርሲት አህያ ቧንቧ ናት፣ ውኃ ትቅዳልን" ብለው ሳቁባት፤ መንበረም ሳቋን እየዋጠች፣

"አንቺ፣ ይሄ አፍንጫ ነው ወይስ የዋሻ በር? አባ መጥተው ሲያዩት ምን ይሉናል? ትንሽ ላጥብበው?" አለቻት።

"እምቢ። ጌታን በርዶት ነበር አላልሽም፣ ቲቸር? ትንሽ አፍንጫ አያሞቅም።"

መንበረም "በይ እሺ፣ አልነካትም" አለች፤ ትርሲት ግን ገና አላመነቻትም፤ "ሕፃኑ አጠገብ አስቀምጫት፤ እንዳትሰበርም" ብላ ቃል አስገባቻት።

ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ እስከ ጥምቀት ማግሥት ተዘጋና ሕፃናቱ ሁሉ ሄዱ። መንበረም የጭቃውን እንስሳት ተሸክማ ከግቢው ታች ከባሕር ዛፉ ሥር ወዳለው ዕቃ ቤት ወረደች፤ ቤቱ የድንጋይ ነው፣ መስኮት የለውም፣ በሩም ብረት ነው። ላሟን፣ በጎቹን ደረደረች፤ ከዚያም ስለ ገባችው ቃል ከመደርደሪያው ጀርባ ተንበርክካ አህያዋን ለበዓሉ ከእንጨት በተሠራው፣ የሕፃኑ ምስል በተኛበት ግርግም አጠገብ ስታኖር፣ ዘበኛው ጋሽ ደምስ መጡ። ጋሽ ደምስ ጆሯቸው የደከመ ሰው ናቸው፤ ለበዓሉ ወደ ገጠር የሚወስዳቸው መኪና እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ነበርና በሩን ሳቡት፣ ቆለፉት፣ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ሄዱ። ብትጮህ አልሰሟትም፤ በሩን ብትደበድብም ከባሕር ዛፉ ሹክሹክታ በቀር የመለሰላት የለም። ቦርሳዋ ስልኳን እንደያዘ በክፍሉ በር ጀርባ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ያን ጊዜ ተቀመጠችና ማን ይፈልገኛል ብላ አሰበች። ዘበኛው ቤቷ ናት ይላል፤ ሕፃናቱ ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ጎረቤቶቿስ? ጎረቤቶቿ በሯ ተዘግቶ ሲያዩ "ለበዓል ዘመድ ጋ ሄዳለች" አሉ። ዘመድ እንደሌላት ሁሉም ያውቁ ነበር። ያሉትም እኛው ነን።

በዚያ ሰሞን ደጅ ያደረ ውኃ እንደ መስታወት የሚረጋበት ውርጭ ነበር። መንበረም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ "እመቤቴ፣ ሰው ያልፈለገኝን አንቺ ፈልጊኝ ማለት አፈርኩ" አለች፤ ሌላ ልመና አልለመነችም። በገሃድ ማለዳ ከበሩ ሥር ብርሃን ሲገባ ግን ሥዕሉ ባለበት አቅጣጫ ዞራ የሠላሳ አንዱን ስም ጠራችና "አደራሽን" አለች። ቀኑም መሸ፣ ከላይ ከደብሩ የከበሮና የማኅሌት ድምፅ በሩቁ ተሰማት፤ ሕዝቡ ሁሉ በአንድነት ቆሞ እሷ ብቻዋን መሆኗን አሰበችና አለቀሰች። ከዚያም ብርዱ አጥንቷ ገብቶ ከግርግሙ አጠገብ በጎኗ ወደቀች።

ወድቃም ሳለች ሞቅ ያለ ነገር ፊቷን ነካት፤ እንደ ጥገት ላም ትንፋሽ ያለ፣ ድርቆሽ ድርቆሽ የሚሸት፣ ገባ ወጣ የሚል። በእጇ ብትዳስስ የሚመጣው ከትርሲት አህያ ከሁለቱ ሰፋፊ አፍንጫዎች ነበር። ፊቷን አሞቀች፣ እጇን አሞቀች፣ ደረቷን አሞቀች፤ እግሯን ግን ወደዚያ ለማዞር አቅም አጣች፤ አህያዋንም ወደ እግሯ አልወሰደቻትም፤ ጭቃዋ ቢሰበርስ? ቃል ገብታለችና። እንዲሁ ነጋ። በገና ማለዳም ስማቸውን መጥራት ጀመረች፤ ሠላሳውን ጠራች፤ ሠላሳ አንደኛው ላይ ስትደርስ ምላሷ ተሳሰረ።

በዚያችም ሰዓት ውብነሽ ከቅዳሴ ወጥታ ትርሲትን እየጎተተች በትምህርት ቤቱ በር ታልፍ ነበር፤ ትርሲት ቆመችና አልሄድም አለች።

"ምን ሆንሽ ደግሞ? ዶሮው ያራል፣ ነይ።"

"ሴትዮዋ እያናገረችኝ ነው።"

"የቷ ሴትዮ?"

"ያቺ ነጭ የለበሰችው።"

በዚያ ቀን ነጭ ያልለበሰ የለም፤ ውብነሽ ግን ብታይ፣ ከበሩ አጠገብ ማንም የለም። "ምን አለችሽ?" ብትላት ሕፃኗ እንዲህ አለች፦

"'ወለተ ሥላሴ፣ በየማለዳው ስምሽን የምትነግረኝ ሴት ዛሬ ሠላሳ ስም ነግራኝ አንቺ ጋ ስትደርስ ዝም አለች። አህያሽም ደክሟታል፤ ሂጂና አሳርፊያት' አለችኝ።"

ውብነሽ ለማንም የማትመለስ ምላሰኛ ናት፤ ያን ጊዜ ግን አማተበች፤ የልጇን የክርስትና ስም በመንገድ የሚጠራ ሰው አልነበረምና። ትርሲትም ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አፈር ላይ ተቀመጠች፤ ብትቆነጥጣት አልተነሣችም። ሰው ማየት ሲጀምር እናቲቱ አፈረችና "በይ ምሪኝ" አለቻት፤ ሕፃኗም ቀጥ ብላ ወደ ዕቃ ቤቱ ወረደች። ውብነሽ ጆሮዋን በብረቱ ላይ ብታደርግ የሰው ትንፋሽ ሰማች።

ቁልፉ ገጠር ነው። ለገና ጨዋታ ወደ ሜዳ የሚወርዱ ጎበዞችን ጠራች፤ እነሱም ዱላቸውን በጓጉንቸሩ ውስጥ አስገብተው ፈለቀቁት፤ አንዱ ዱላ ተሰበረ፣ ሁለተኛው ማያያዣውን ነቀለው። በሩ ሲከፈት መንበረ ከግርግሙ ሥር ተኝታ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ትርሲት ገብታ ፊቷ ስትቆም ዓይኗን ገለጠችና "ወለተ ሥላሴ" አለች። ከዚያም "አደራሽን" ብላ ጨረሰች።

እንስሳቱንም ቢያዩ ላሟና በጎቹ እርጥብ ናቸው፣ ውርጩም ሰነጣጥቋቸዋል፤ አህያዋ ግን እንደ ተተኮሰ ገንቦ ቀልታ ደርቃ ነበር። ስልኳንም ከቦርሳዋ አውጥተው ቢያዩ ከሎተሪ መልእክት በቀር የደወለላት ሰው አልነበረም፤ ያን ያዩ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ካህናቱም መጥተው ባዩ ጊዜ እመቤታችንን አመሰገኑ፣ ሴቶቹም እልል አሉ።

ስማችንን የሚጠራ ሰው ባጣን ጊዜ እመቤታችን በልጇ ፊት ትጥራን፤ የተቆለፈብንን ትክፈት፣ የቆለፍነውንም ታሳየን፤ የነገረችንን ውብነሽን፣ የሰማችሁትን እናንተን፣ የጻፍኩትንም እኔን በእስትንፋሷ ታሙቀን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።

መንበረ ከቀኝ እግሯ ሁለት ጣት አጣች፤ አሁንም ታስተምራለች፤ አሁንም ብቻዋን ትኖራለች። ጋሽ ደምስ ከመቆለፋቸው በፊት እየገቡ በእጃቸው ይዳስሳሉ። ትርሲት ሦስተኛ ክፍል ገባች። አህያዋ ከሥዕሉ ሥር ናት፤ አንድ ጆሮዋ ተሰብሯል።