ከዋርካው ግባ፣ ከድንጋዩ ውጣ

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ፅጌማርያም የምትባል ተማሪ መምህሯን ጠየቀች። «ጋሼ፣ በአምናው ፈተና የወጣውን የሒሳቡንም፣ የሳይንሱንም፣ የኅብረተሰቡንም ጥያቄ መልሱን ብቻ ቢነግሩን ምናለበት? ለምን እንደሆነ ማወቁ ምን ያደርግልናል?»

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦

አንድ ሰው ነበረ። እርሻው ከወንዝ ወዲህ፣ የሚስቱ ወላጆች ቤት ከወንዝ ወዲያ ነበር። መሻገሪያውን ስለማያውቅ ወንዙ ዳር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌን ጠየቀ። ሽማግሌውም፣ «ከዋርካው ሥር ግባ፣ በተሰነጠቀው ድንጋይ በኩል ውጣ። በዚያ የሆነበት ምክንያት ደግሞ...» ብለው ሳይጨርሱ ሰውየው፣ «ምክንያቱ ይቆየኝ አባቴ፣ መንገዱ ይበቃኛል» ብሎ ሄደ።

እንደተነገረው ገባ፣ እንደተነገረው ወጣ። በጋውን ሙሉ ሲመላለስ ውሃው ከጉልበቱ አላለፈም። ሌላው ሰው ዱላ እያስቀደመ ውሃውን ሲመረምር ባየ ቁጥር፣ «ይኼ ሁሉ ድካም ለምን?» እያለ ይስቅ ነበር።

ክረምት መጣ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ገብታለች። ወንዙ ሞላ፣ ደፈረሰ፣ እዚህ አፈር ጠርቦ እዚያ አሸዋ ቆለለ፤ ከዚያም ጎደለ። ውሃው በጎደለ ሰሞን ከማዶ ጥሪ ተሰማ። ምጥ ጠንቶባታል፣ አዋላጅ ይዘህ ድረስ!

ሰውየው የመንደሩን አዋላጅ ይዞ ሮጠ። አዋላጇ ከሩቅ አገር በቅርብ የመጡ ሴት ነበሩ፤ ያን ወንዝ ተሻግረውት አያውቁም። ዋርካው ሥር ሲደርሱ፣ «ይከተሉኝ እናቴ፣ እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ገባ። ጥቂት እንደተራመደ መሬቱ ከእግሩ ሥር ጠፋ። ውሃው ሊወስደው ሲል አዋላጇ መቀነታቸውን ፈተው ወረወሩለትና እንደምንም ጎትተው አወጡት።

«አለቀልን!» አለ ሰውየው። «መሻገሪያው ጠፍቷል። ሚስቴ ልትሞት ነው።»

«ዝም በል፣ ልስማበት» አሉ አዋላጇ። «ውሃ ዝም ያለበት ይጠልቃል። የሚንጫጫበት ግን ከሥሩ ጠጠር አለ፤ ጠጠር ያለበት ደግሞ ያስረግጣል። የእኛም አገር ወንዝ እንዲሁ ነው።»

ሽቅብ ሄዱና ውሃው እየጮኸ ነጭ አረፋ የሚደፍቅበት ቦታ አገኙ። ዱላቸውን እያስቀደሙ ገቡ፤ ሰውየውም እሳቸው የረገጡትን እየረገጠ ተከተለ። ደርሰው ነፍሰ ጡሯን አገላገሉ። ሴት ልጅ ተወለደች፣ እናትም ተረፈች።

መምህሩ ወደ ተማሪዋ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ የአምናው ፈተና መልስ ያ ዋርካ ነው። ዘንድሮ ውሃው መሄጃውን ለውጦ ይጠብቅሻል። ሒሳቡ ላይ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ሳይንሱ ላይ የተክሉ ዓይነት፣ ኅብረተሰቡ ላይ የካርታው አገር። ምክንያቱን የያዘ ሰው ግን አይቶት የማያውቀውንም ጥያቄ ይሻገረዋል። መልሱን አልነፍግሽም፤ ሽማግሌውም አልነፈጉትም። ብቻ ሳልጨርስ ትተሽኝ አትሂጂ። በይ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብቢ። መልሱ ‹ሐ› ነው። ለምን ‹ሐ› ሆነ?»