የሽኮኮ የምስራችና አዲሷ አለቃ

ዱሮ ዱሮ፣ አውሬና ከብት ከአንድ ምንጭ በሚጠጡበት ዘመን፣ ስሙን የነገሩን ሰዎች ራሳቸው የረሱት አንድ አገር ነበር። ያን አገር የሚገዛው የዝንጀሮ ወገን ነው። ምንጩን የሚጠብቀው ዝንጀሮ፣ የመጠጫውን ተራ የሚያወጣው ዝንጀሮ፣ ግጦሹን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ዝንጀሮ። አንድ ቀን የዝንጀሮዎቹ አለቃ አርጅተው ጥርሳቸው አለቀና፣ በቃኝ ሌላ ምረጡ አሉ። አለቃ የሚመረጠው ከራሳቸው ወገን ብቻ ስለሆነ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ አናት ላይ ወጥተው ምክር ያዙ። የቀረው እንስሳ ከታች አንጋጦ ይጠብቅ ጀመር። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ፤ ከላይ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው።

ከገደሉ ሥር ሽኮኮ ትኖር ነበር። በጋው ከርሮ ሣሩ ሁሉ ደርቋልና ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቋል። ይህ ሁሉ እንስሳ ወሬ ተርቧል፣ እኔ ደግሞ እህል ተርቤአለሁ፣ ብንገበያይ ምን አለበት ብላ አሰበች። በዚያ አገር ወግ የምስራች ይዞ የመጣ ሳይበላ አይመለስም።

ገስግሳ አህያ ደጅ ደረሰች።

"አያ አህያ፣ የምስራች።"

"ምስር ብይ" አላት እንደ ወጉ።

"አለቃ ተመረጠ፤ ያውም ያንተ ወዳጅ።"

"ለእኔስ ምን አለው?"

"ከነገ ጀምሮ ከምንጩ መጀመሪያ የምትጠጣው አንተ ነህ። ጅብ በመንገድህ ዝር እንዳይል ዘብ ይቆምልሃል።"

ዕድሜ ልኩን የመጨረሻውን ጭቃ ሲጠጣ የኖረው አህያ ደስታው ጆሮውን አቆመው። የደበቃትን ገብስ አውጥቶ አቀረበላት። ሽኮኮም ጠራርጋ በላች።

ከዚያ ፍየል ዘንድ ሄደች። የምስራች፤ ምስር ብይ። ተመረጠ፤ ያውም ያንቺ ወዳጅ። ለእኔስ ምን አለው? ተከልክሎ የኖረው ሸለቆ ለፍየሎች እንደሚከፈት ነገረቻትና ለምለም ቅጠሏን በላች። ጥቂት አለፍ ብላ ለንቦች ደግሞ ያንኑ ሸለቆ፣ አበባው እንዲተርፍ፣ ፍየል እንደማትረግጠው ነገረቻቸውና ማር ላሰች።

ሆዷ ጠገበ፤ ዓይኗ ግን አልጠገበም። ከጅብ ዋሻ በር ራቅ ብላ ቆመች።

"አያ ጅቦ፣ የምስራች።"

"ምስር ብይ። ቀረብ በይ እንጂ።"

"እዚሁ ይመቸኛል። ተመረጠ፤ ያውም ያንተ ወዳጅ።"

"ለእኔስ ምን አለው?"

"ከነገ ጀምሮ አህያ ብቻውን ወደ ምንጩ ይወርዳል። ዘብ የሚባል ነገር አይኖርም።"

ጅብ አጥንት አቀረበላት። እሷም የሰው ማዕድ አይናቅም ብላ ሁለቴ ላስ አድርጋ ተወችው። ለመኝታዋ ግን የላም ቁርበት ጠይቃ ወሰደች።

በማግስቱ አገሩ በእልልታ ቀለጠ። ሁሉም አለቃውን ሊያወድስ ወደ ገደሉ ሥር ጎረፈ። አህያ ያወጣል፣ ጅብ ይቀበላል፤ ፍየልና ንቦች አብረው ያሸበሽባሉ። ሽኮኮም ቁርበቷን ተከናንባ ከመሀል ገባች። እንዲህ ያለ ፍቅር በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። በጭፈራው መሀል አህያ ወደ ጅብ ዘንበል አለ።

"ለመሆኑ አንተ ምን አገኘህ?"

"አንተን" አለ ጅብ፣ ዘፈኑን ሳያቋርጥ።

አህያ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። ማን ነገረህ፣ ለአንተስ ማን ነገረህ ተባባሉ። ፍየልና ንቦችም ሸለቆው የማን እንደሆነ መከራከር ያዙ። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ዓይን ሽኮኮ ላይ አረፈ። ልትሮጥ ብትል ቁርበቱ እግሯን ጠልፎ ጣላት።

ይህን ጊዜ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወረዱ። ምክሩ ገና ማለቁ ነበር። የመረጧት ዳማ የምትባል፣ ብዙ የማትናገር ዝንጀሮ ናት። ከታች ያለው ሁሉ፣ ይህቺ ደግሞ ማን ናት እያለ ተያየ። ጅብ፣ ሽኮኮዋን ለእኔ ስጡኝና እኔ ልፍረድባት አለ። ዳማ ግን ነገሩን ሰምታ፣ ከመፍረዷ በፊት ሽኮኮን ምን ትያለሽ ብላ ጠየቀቻት።

ሽኮኮ "እመቤቴ፣ መዋሸቱንስ ዋሽቻለሁ" አለች። "ነገር ግን ከእነዚህ አንዱ እንኳ ማን ተመረጠ ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ሁሉም የጠየቀኝ ለእኔስ ምን አለው ብሎ ነው።"

አህያ ጉሮሮውን ጠራረገ። ፍየል ወደ መሬት አየች። ዳማ ሳቀች፤ ስትስቅ አገሩም ተከትሎ ሳቀ።

"አንደበትሽ ይጠቅመናል" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ አዋጅ ነጋሪ አንቺ ነሽ፤ ቀለብም ይቆረጥልሻል። ታዲያ ለአህያ የምትነግሪውን ጅብ ቆሞ ይስማ፤ ለፍየል የምትነግሪውን ንብ ይስማ።"

ሽኮኮም ድንጋይ ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን አዋጅ ነገረች፦ አህያ ጠዋት በዘብ ይጠጣል፣ ጅብ ማታ ይጠጣል፤ ሸለቆው አበባው ከረገፈ በኋላ ለፍየል ይከፈታል። ማንም እልል አላለም፤ ማንም ግን አላለቀሰም። ሁሉም ተራውን ይዞ ጥሩ ውኃ ጠጣ፤ ሽኮኮም ከዚያ ወዲህ ሳትዋሽ በላች።

ለዚህ ነው አባቶች፦ ለየብቻ ሲሰሙት ምስራች፣ አብረው ሲሰሙት መርዶ የሚሉት።