ጌታ በተናገረበት ድምፅ

መምህር ተክለ አልፋ ከኢየሩሳሌም ሲመለሱ፣ ጌታ የተናገረበትን የጥንቱን የአራማይክ ቋንቋ ድምፅ ልክ እንደ ጌታ አድርገው የሚያወጡት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ለአገሩ አበሰሩ። አጠገቡ ቆመው የሰሙ ይመስል!

አንድ ተዝካር ላይ ማዕዱን ይባርኩ ቢባሉ፣ «አባታችን ሆይን በጌታ ድምፅ ሳትሉ እንጀራ አይቆረስም» ብለው፣ ገና ምንም ያልቀመሰውን ድንኳን ሙሉ ሰው የአራማይኩን የጉሮሮ ድምፅ ሊያስለምዱ አጥንት እንዳነቀው «ኸ፣ ኸ» ያሰኙት ጀመር። ወጡ ቀዘቀዘ፤ የሟች ልጆች በሐፍረት አንገታቸውን ደፉ። ረኃብ የጸናባት አንዲት ምላሷ የሰላ ሸክላ ሠሪ ብቻ ዝም ብትል፣ መምህሩ አፈጠጡባት።

«አንቺ! ጌታ አሁን እዚህ ቢገባ በምን አንደበትሽ ልታናግሪው ነው?»

«እሱ ቢገባማ ይሄኔ በልተን ነበር፣ የኔታ» አለቻቸው። «ያን ሁሉ ሕዝብ በበረሃ ሲመግብ፣ ለጉሮሮው እንጀራ ሰጠው እንጂ ጉሮሮውን አልፈተነም።»