ጠፍቶም የሚዞር ዲስክ

አስካለች የምትባል ሴት ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ኅሩይ መጣች። ከታናሽ እህቷ ጋር በሟች እናታቸው ቤት ምክንያት ተቀያይመው ዓመት አልፏቸዋል። መቀመጫ ቢሰጧት እንኳ አልተቀመጠችም።

«አባቴ፣ ይቅር ብያታለሁ። ከልቤ ነው። አሁኑኑ ሄጄ የበደለችኝን ሁሉ ፊት ለፊት ነግሬያት ልታረቃት። ትናንት ግን እርስዎ ቆዪ አሉኝ። ይቅር ካልኩ በኋላ ምን እጠብቃለሁ?»

አባ ኅሩይም እንዲህ ሲሉ መለሱላት።

አንድ ብረት ቆራጭ ነበረ። እጁ የተባረከ ሠራተኛ ነው፤ መጠበቅ ግን አያውቅም። ሻይ ሲያዝ ስኳሩ እስኪሟሟ አይታገሥም። የሚሠራው በግራይንደር ነበር፤ በእጅ ተይዞ ክብ ዲስኩ እየተሽከረከረ ብረት በሚቆርጠው መኪና። የዲስኩን መከለያ «ጥግ ስቆርጥ ያስቸግረኛል» ብሎ ፈትቶ ጥሎታል። ቆርጦ ሲጨርስ፣ ሲለቁት መኪናው ከሚጠፋበት ማጥፊያ ላይ ጣቱን ያነሳና፣ ዲስኩ ገና እያፏጨ መኪናውን መሬት ላይ ያስቀምጠዋል።

ሚስቱ በሰማች ቁጥር ትቆጣለች። «ሰውዬ፣ እስኪቆም ያዘው እንጂ!»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ» ይላታል፤ ይህን ሲል ሌላ ብረት ለማንሳት ጎንበስ ብሏል።

በዚያው መንደር አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን ከሱቋ ጎን ያለው የስፖንጅ መጋዘን ተቃጠለና ጭሱ በኮርኒሱ በኩል ወደ እሷ ገባ። የብረት በሩን ለመክፈት ስትታገል ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ተሰበረ። የቀራት መስኮቱ ነው፤ መስኮቱም በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ፍርግርጉን ጨብጣ ጮኸች።

ብረት ቆራጩን ጠሩት። ግራይንደሩን ይዞ ሮጠ፤ ከፊት ለፊት ቤት መብራት ሳቡለት። የሰው ነፍስ ነውና ያን ቀን ተጠንቅቆ ጀመረ። መነጽሩን አደረገ። «እህቴ፣ ከመስኮቱ ራቂ! ፊትሽን በጨርቅ ሸፍኚ!» አላት። እግሩን አመቻችቶ ቆመ፤ መኪናውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳይጫነው ብረቱን አንድ በአንድ ይቆርጥ ጀመር። ሰዉ ከኋላው «ፍጠን! ኧረ ፍጠን!» እያለ ይጮሃል። ጭሱ እየጠቆረ ሄደ። ሴትዮዋ ትስል ነበር፤ ከዚያ ሳሏ ጠፋ። ብረት ቆራጩ ልቡ ተሸበረ።

የመጨረሻው ብረት ወደቀ። ሴቶቹ እልል አሉ። እሱም ጣቱን ከማጥፊያው አነሳ፤ ግራይንደሩን የመስኮቱ ደፍ ላይ ጣል አድርጎ «ነይ!» ብሎ እጁን ዘረጋላት። ሴትዮዋም ከጭሱ ውስጥ እጇን ዘረጋች። ዲስኩ ግን ገና ይዞር ነበር። የደፉን ድንጋይ ነክሶ ዘለለና የሴትዮዋን የተዘረጋ እጅ መታው።

አወጧት፤ ነፍሷም ተረፈች። መርፌ የምትይዝባቸው ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም።

ብረት ቆራጩ እንቅልፍ አጣ። እህል አልወርድለት አለ። በመጨረሻ ቤቷ ድረስ ሄዶ ደጃፏ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አጥፍቼው ነበር» አላት።

ሴትዮዋ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ «ከእሳት አውጥተኸኛል፤ አልክድህም» አለችው። «ማጥፋትህንም አይቻለሁ። መቆሙን ግን አንተም አላየህም።»

ተመልሶ መከለያውን ከውዳቂ ብረት መሀል ፈልጎ ገጠመው። ከዚያ ወዲህ ማጥፊያውን ከለቀቀ በኋላ ዲስኩ ጸጥ እስኪል ድረስ በሁለት እጁ ይዞ ይቆማል። ደንበኛ ቢቆጣ፣ ስልኩ ቢጮህ፣ አያስቀምጠውም። እግሩ ይቁነጠነጣል፤ ከመቁረጡ ይልቅ መጠበቁ ነው የሚከብደው። ግን ይጠብቃል።

አባ ኅሩይ ወደ አስካለች ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ ይቅርታሽ ውሸት ነው አላልኩሽም። ጣትሽን ከማጥፊያው አንስተሻል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ቁጣ ግን ተውኩት ባሉት ቅጽበት አይቆምም፤ ሲዞር በቆየበት ጉልበት ገና ይዞራል። ዛሬ ሄደሽ በደሏን ስትዘረዝሪላት፣ ለዕርቅ የምትዘረጋልሽን እጅ ትቆርጪዋለሽ። ትናንት ቆዪ ያልኩሽ ለዚህ ነው።»

«ታዲያ መቆሙን በምን አውቃለሁ?»

«በድምፁ። እስቲ ስለ እናታችሁ ቤት ንገሪኝ።»

አስካለች በቀስታ ጀመረች። ቤቱ እንዴት እንደተሠራ፣ እናቷ ምን ብላ እንደሞተች ተናገረች። ከዚያ ቃሏ እየፈጠነ መጣ። «እኔ እናቴን ሳስታምም እሷ የት ነበረች? የት ነበረች!» ስትል ድምጿ ከግቢው አጥር አልፎ ተሰማ። ራሷም ሰማችው። የነጠላዋን ጫፍ በአፏ ላይ ያዘች።

«ገና ነው፣ አባቴ» አለች።