እግር መልስ

በደንቢያ በኩል፣ ጣና ዳር፣ እግር መልስ የሚባል ሰፈር አለ። ከሰፈሩ በላይ ኪዳነ ምሕረት ናት። ወደ ቤተ ክርስቲያኗ የሚያስገባው ደረጃ ከመጀመሩ በፊት መሬት ላይ የተነጠፈ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የሆነ ድንጋይ ይገኛል። ድንጋዩ ከዳር እስከ መሐል በክብ በክብ ተቀርጿል፤ በዳሩ የእሳት ነበልባል፣ ቀጥሎ እየተከታተሉ የሚሄዱ ዝሆን፣ በሬ፣ አንበሳና ፈረስ፣ ከዚያ ሐረግ፣ ከዚያ የዝይ መንጋ አለ፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ከመሐል ጣት የማትረዝም አንዲት የሕፃን እግር አለች። ልጇን ክርስትና ልታስነሳ የመጣች እናት ሁሉ ደረጃውን ሳትወጣ የልጇን እግር እዚያች ላይ ታሳርፋለች፤ ወዲያውም በነጠላዋ ጫፍ እግሩን ጥርግ አድርጋ ትነሣለች። አሳርፋ ሳትጠርግ የሄደች እናት አልታየችም።

ይህ ከየት መጣ ለሚል ሽማግሌዎቹ እንዲህ ይላሉ። ድሮ፣ ጎንደር ላይ ግንብ ይሠራ በነበረ ጊዜ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩ፤ ከነሱም አንዱ የኪዳነ ምሕረትን ደረጃ እንዲሠራ ወደዚህ ተላከ ይባላል። ሰውየው አገሩ ደሴት እንደሆነ ቢናገርም ሰዉ ሁሉ ህንዱ ብሎ ጠራው፤ ስሙን ጠይቆ የያዘለት ሰው የለም። ያደረውም ድንጋይ በአህያ ያመላልስ በነበረው በጎሹ ግቢ፣ ከጎተራው አጠገብ በተቀለሰችለት ዳስ ውስጥ ነበር።

የጎሹ ሚስት ማንጠግቦሽ ትባላለች። ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ክርስትና ሳይነሱ ቀብራለች። ህንዱ ግቢያቸው ሲገባ ሦስተኛዋን ወልዳ አራስ ናት፤ ሴት ልጅ፣ ሰማንያ ቀኗ ገና ያልሞላ። ስለዚህ ማንጠግቦሽ ሰውየውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ በጎሪጥ ታየው ነበር። ሥጋ ቢሰጡት አይበላም። ጎህ ሲቀድ እግሩን አጣጥፎ ወደ ጣና ባሕር ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል።

«ተኝቷል እንዳልል ቁጭ ብሏል፣ ነቅቷል እንዳልል ዓይኑን ከድኗል» ትላለች ለጎረቤቷ ለውባለም።

ውባለምም፣ «እኔስ እቴ፣ ሥጋ እንቢ የሚል ሰው አላምንም። የሚጠግብበት ሌላ ነገር ቢኖረው ነው» አለች።

«ምን ቸገራችሁ፣ ድርሻው ለእኔ ተርፎልኛል» አለ ጎሹ፤ ከሁለቱ አንዳቸውም አልሳቁለትም።

ህንዱ ደረጃውን ጨርሶ ሲያበቃ ማንም ሳያዘው ያንን የግማሽ ጨረቃ ድንጋይ ይቀርጽ ጀመር። የደብሩ አለቃ ገብረ ኅሩይ መጥተው ምንድነው ብለው ቢጠይቁት፣ በአገሬ ሰው ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ይህን ረግጦ ነው አላቸው። አማርኛው ስብርብር ያለ ነበር።

«እሳቱ ምኞት ነው፣ ያቃጥላል። ዝሆን መወለድ፣ በሬ ማርጀት፣ አንበሳ መታመም፣ ፈረስ መሞት። ይዞራሉ፣ አይቆሙም። ሐረጉ ሰውን ይጠልፋል። ዝይ ወተትን ከውሃ ትለያለች፣ ልባም ሰውም እንደሷ ነው። ይህን ሁሉ ያለፈ፣ መሐል አበባው ጋ ይደርሳል።»

ዛሬ የተማሩት ልጆች እንደሚነግሩን በሩቅ አገር የቡድሂዝም ቤተ መቅደሶች ደጃፍ እንዲህ ያለ ድንጋይ አለ፤ አበባውም ከጭቃ በቅሎ ጭቃ የማይነካው የውሃ አበባ ነው አሉ። አለቃ ግን ይህን የሚነግራቸው አልነበረም። ብዙ አሰቡና፣ «እንስሶቹ የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸው፣ ይሁኑ። አበባህ ግን የአምልኮህ ምልክት ነው፤ እሱን በእኔ ደጅ አትቀርጽም» አሉት። እሱም እሺ ብሎ መሐሉን ባዶውን ተወው።

ማንጠግቦሽም ይህን ሰማች። ሕመምንና ሞትን በእመቤታችን ደጅ የሚያኖር ምን ዓይነት እጅ ነው እያለች፣ እሱ ባለፈ ቁጥር ልጇን በነጠላዋ ትሸፍን ጀመር።

አንድ ቀን ልጇን ጥላ ሥር አስተኝታ ከጓሮ እንጨት ልታመጣ ሄደች። ስትመለስ ህንዱ ልጅቷ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ በትንሿ ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ክር ዘርግቶ አገኘችው። ልጇን መንጭቃ አነሣች። እሱ ፈገግ ብሎ ክሩን ጠቅልሎ ሄደ።

«ለካት!» አለችው ባሏን።

«ለካና ምን አደረጋት? አልነከሳት!»

«ለሕፃን ከከፈን ሌላ ምን ይለካል፣ አንተ ጎሹ?»

በማግስቱም ልጅቷ ጡት እንቢ አለች። ቢሰጧት አፏን ታዞራለች፤ እስከ ረፋድ ድረስ ድምጿ እንኳ እየሰለለ ሄደ። ውባለም መጥታ አየችና፣ «ክሩን አስመልሺ። ክሩ ካለበት ነፍሷም እዚያ ናት» አለች። ማንጠግቦሽ ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ ጎሹም የድንጋይ መዶሻ ይዞ ተከተላት፤ ሰፈሩ ሁሉ ከኋላቸው ተግተለተለ።

ህንዱ ድንጋዩ ላይ ተንበርክኮ ነበር። «እግሯን መልስ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ባሕሩ ላይ በታንኳ ለነበሩት ዓሣ አጥማጆች ተሰማ ይባላል። ሰውየው ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ክር የለም። ወደ ድንጋዩ መሐል አመለከተ። እግሯ እዚያ ነበረች፣ ከነጣቶቿ ተቀርጻ፣ በሕመምና በሞት ተከብባ።

ጎሹ መዶሻውን አነሣ። ክንዱን ግን ማንጠግቦሽ ራሷ ያዘችው።

«ተው! ብትሰብረውና እግሯ አብሮ ቢሰበርስ?»

አለቃ ገብረ ኅሩይ ደረሱና፣ «አንተ ሰው፣ ይህን ማን አዘዘህ?» አሉት።

«አበባ ከለከልከኝ» አለ ህንዱ። «ምድር ያልረገጠ እግር ፈለግሁ። ሐረግ ያልጠለፈው። እሱም አበባ ነው።»

«ሰማችሁ? ፈለግሁ አለ እኮ፣ በገዛ አፉ!» አለች ውባለም።

ማንጠግቦሽ ግን ወደ ድንጋዩ ቀረበች።

«አንቺ፣ ሰማንያሽ መች ሞላና!» አሏት አለቃ።

«ድንጋዩ ውጭ ነው አባቴ፤ አልገባሁም» አለችና የልጇን እግር ከጥርቡ ላይ አሳረፈችው። ልክክ አለ። የተወሰደባትን ሁሉ የምትመልስ ይመስል ጫን አድርጋ ቆየች፤ ከድንጋዩም ምንም ተከትሏት እንዳይመጣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻት። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ ጡቷን አወጣች። ልጅቷ አፏን አዞረች፤ ዳግመኛ አዞረች፤ ከዚያ ያዘች። ስትውጥ ድምጿ ለቆሙት ሁሉ ተሰማ ይላሉ።

ህንዱ የዚያኑ ዕለት መሮዎቹን ሰብስቦ በባሕሩ ዳር ሄደ። ማንጠግቦሽ ዞሮ ያያት እንደሆነ ብላ ደንገሉ እስኪሸፍነው ድረስ ዓይኗን ከጀርባው አልነቀለችም። አልዞረም። የሚፈልገው ስላልነበረ ነው የሚሉ አሉ፤ የሚፈልገውን ስለያዘ ነው የሚሉም አሉ። ልጅቷ አድጋ፣ ተድራ፣ ወልዳ ከብዳለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሥጋ በአፏ አልዞረም የሚባለውን ግን የማንጠግቦሽ ዘሮች የውባለም ዘሮች ያወሩት ነው ብለው እስከ ዛሬ ይቆጣሉ።

ድንጋዩ አሁንም አለ። እሳቱና እንስሶቹ በትልልቁ ሰው እግር አልቀው ዝሆኑን ከበሬው መለየት ያስቸግራል፤ መሐሉን የሚነካው የሕፃን እግር ብቻ ስለሆነ እግሯ ከነጣቶቿ እንዳለች ናት። በሰፈራችን ክርስትና አስነስታ የተመለሰችን እናት፣ የልጅሽ ስመ ክርስትና ማን ተባለ ከማለት በፊት ሴቱ ሁሉ «ጠረግሽላት?» ይላታል። እኔም አምና ልጄን ክርስትና አስነስቼ ስመለስ ተጠይቄ «አዎ፣ ጠርጌላታለሁ» አልኩ። ቤት ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ እንደገና ጠረግኋት።