ዘመን የበላው ፊደል

አቶ ወርቅነህ ሁሉ ሞልቶለት የጎደለው የአያት ዝና ብቻ ነበር። ስለዚህ ማተሚያ ቤት ሄዶ፣ «እድሩን የመሠረቱት አያቴ ናቸው» የሚል ወረቀት አሠራ። ፊደሉን በኮምፒውተር የአሮጌ ታይፕ አስመሰሉለት፤ አንዱ እግሩ የተቆረጠ፣ አንዱ ቀለም የተደፋበት፣ ሌላው ደብዝዞ ሊጠፋ የደረሰ። ወረቀቱንም ሻይ ውስጥ ነክረው አጠየሙለት።

እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ከፍ አድርጎ ያዘውና፣ «እዩት! ፊደሉን ዘመን በልቶታል። እንግዲህ ሊቀመንበርነቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው» አለ። የእድሩን ድንኳን የገዛው እሱ ስለሆነ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ይሄኔ ልቡ አብጦ፣ በሩ አጠገብ ወደቆመው ጥሩምባ ነፊ ዞረ።

«አንተ! ይህን በየመንደሩ እየነፋህ አሰማ። እምቢ ካልክ ጥሩምባህን አስረክብ!»

ጥሩምባ ነፊው ወረቀቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ አሸተተውም። ሻይ ሻይ ይላል። በሁለት እጁ መለሰለት።

«ጌታዬ፣ የኔ ጥሩምባ የሚነፋው ለሞተ ነው። ፊደሉ መቼም አርጅቶ ሊሞት ደርሷል፤ ታሪኩ ግን ገና ትናንት መወለዱ ነው። ግድ የለም፣ ሲሞት እነፋለታለሁ። ዕድሜውም አጭር ስለሚመስል፣ ሩቅ ሳልሄድ እዚሁ በር ላይ እጠብቃለሁ።»